ሦስት ሰርቨር ብቻ ባለበት ቤት፦ የቨርቹዋል ማከማቻ ክላስተርን ያለ አደጋ ማሻሻል፣ የጉዳይ ጥናት ከምሥራቅ ጎጃም

በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ከተሞች በአንዷ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሒሳብ መዝገቡን፣ የመጋዘን ገቢና ወጪውን፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭቱን እንዲሁም የሠራተኞቹን ደመወዝ የሚያስተዳድርባቸው ቨርቹዋል ማሽኖች (በሰርቨር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ሆነው የሚሠሩ ሶፍትዌሮች) በሙሉ የሚሠሩት በሦስት ሰርቨሮች ላይ ነው። ሰርቨሮቹ ፕሮክስሞክስ ቪኢ በተባለው የቨርቹዋላይዜሽን ሥርዓት ተሳስረው አንድ ክላስተር ሆነዋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያሉት አራት አራት ዲስኮችም ሴፍ በተባለው የማከማቻ ሶፍትዌር አማካይነት ተጣምረው እንደ አንድ የጋራ ማከማቻ ያገለግላሉ። ይህ ጽሑፍ ክላስተሩ ከፕሮክስሞክስ 7 ወደ 8፣ ሴፍም ፓሲፊክ ከተባለው እትሙ ወደ ክዊንሲ ከዚያም ወደ ሪፍ የተሸጋገረበትን ሥራ ይዘረዝራል። በሥራው የተሳተፍኩት በአማካሪነት ሲሆን የተቋሙንም ሆነ የሠራተኞቹን ስም አልጠቅስም።

ሴፍ እያንዳንዱን መረጃ ሦስት ጊዜ ይጽፋል፤ ሦስቱ ቅጂዎች በአንድ ሰርቨር ላይ እንዳያርፉም በሦስቱ ሰርቨሮች ላይ አንድ አንድ ሆነው እንዲቀመጡ ተደርጓል። ቢያንስ ሁለት ቅጂ እስካለ ድረስ ማንበብና መጻፍ ይቀጥላል፤ ወደ አንድ ቅጂ የወረደውን መረጃ ግን ሴፍ ከጥፋት ለመጠበቅ ሲል ማንም እንዳይነካው ያግደዋል። አምስት ወይም ስድስት ሰርቨር ባለበት ተቋም አንዱ ሲወጣ የጎደለው ቅጂ በቀሩት ላይ እንደገና ይሠራል። እዚህ ግን ሦስተኛው ቅጂ የሚሠራበት ሌላ ሰርቨር የለም። ስለዚህ አንዱ ሰርቨር ለማሻሻያ በወጣ ቁጥር፣ ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ሲነሣ ድስቱን በእጅ ደግፎ መቆየት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ የቀሩትን ሁለቱን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ያወጣነው ዕቅድ በሙሉ ያተኮረው ይህን ጊዜ በማሳጠርና በመጠበቅ ላይ ነበር፤ ትእዛዞቹን በተርታ ማስገባቱማ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው።

ማሻሻያው ለነገ የሚባል አልነበረም። ፕሮክስሞክስ 7 የተሠራው ዴቢያን 11 በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ ሲሆን የድጋፍ ጊዜው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። ነገር ግን በአንድ ዝላይ ወደ አዲሱ መድረስ አይቻልም። በዴቢያን 12 ላይ የተሠራው ፕሮክስሞክስ 8 የሴፍ ፓሲፊክን አያውቅም፤ ፕሮክስሞክስ 7 ደግሞ ሪፍን አያቀርብም። ሁለቱም የሚያውቁት ክዊንሲን ነው። ስለሆነም መጀመሪያ ፕሮክስሞክስን ወደ መጨረሻው የ7 እትም ማለትም ወደ 7.4 ማድረስ፣ በዚያው ላይ ሴፍን ወደ ክዊንሲ መለወጥ፣ ቀጥሎ ፕሮክስሞክስን ወደ 8 ማሳደግ፣ በመጨረሻም ሴፍን ወደ ሪፍ ማሸጋገር ግድ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ጊዜውን የመረጠልን የእርሻው ወቅት ነው። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ የማዳበሪያ ሥርጭት አለ፤ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ሥርዓቱ ቢቋረጥ በር ላይ የተሰለፈው አህያና ጋሪ መንገዱን ይዘጋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ የጤፍና የስንዴ ግዢ ይመጣል። በሁለቱ መካከል፣ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀለል ያሉ ናቸው፤ የክረምቱ መብረቅና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የመብራት መቆራረጥም በዚያ ጊዜ ይረግባል።

የተለመደ ማስጠንቀቂያ

ሥራው የጀመረው የክላስተሩን ጤንነት በማየት ነው፤ ለብዙ ሳምንታት ያዘገየንም ይኸው ነው። በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ ብጫ ማስጠንቀቂያ ይታይ ነበር። የተቋሙ የአይሲቲ ሠራተኞች ማስጠንቀቂያውን ያውቁታል፤ «እሱ ድሮም ያለ ነው» አሉን። ማስጠንቀቂያው ሲከፈት ሁለት ነገር ይናገራል፦ «ኖአውት» የተባለው ምልክት እንደተተከለ ነው፣ ከአሥራ ሁለቱ ዲስኮችም አንዱ አይሠራም።

ኖአውት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በተለመደው አሠራር አንድ ዲስክ ከሥራ ውጭ ከሆነ ሴፍ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ካልተመለሰ እንደ ጠፋ ቆጥሮ በላዩ የነበረውን መረጃ ከሌሎቹ ቅጂዎች እየቀዳ በሌሎች ዲስኮች ላይ መሥራት ይጀምራል። ለጥገና ሲባል ሰርቨር ሲጠፋ ግን ይህ ቅጂ ሥራ አላስፈላጊ ድካም ስለሆነ ባለሙያው ኖአውትን ተክሎ «ጠፋ ብለህ አትቁጠር፣ ይመለሳል» ይለዋል። ጥገናው ሲያልቅ ምልክቱ ይነሣል። በዚህ ክላስተር ቀደም ሲል በኮንትራት ያገለገለ ባለሙያ ምልክቱን ተክሎ ሳያነሣው ሄዷል። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሰርቨር አንድ ዲስክ ሲሞት ሴፍ ይመለሳል ብሎ መጠበቁን ቀጠለ፤ ወራትም አለፉ።

የዚህን ክብደት ለሥራ አመራሩ ለማስረዳት ሒሳቡን በወረቀት ላይ መሥራት አስፈልጎ ነበር። እያንዳንዱ ሰርቨር የመረጃውን ሁሉ አንድ ሙሉ ቅጂ ይይዛል፤ ከአራቱ ዲስኮቹ አንዱ ሲሞት ከጠቅላላው መረጃ ሩብ ያህሉ በሁለት ቅጂ ብቻ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ማሻሻያው ተጀምሮ አንደኛው ሰርቨር ሪስታርት ቢደረግ ኖሮ ያ ሩብ ወደ አንድ ቅጂ ይወርድና ይታገድ ነበር። «ሩብ ብቻ ነው፣ ሦስት አራተኛው ይሠራል» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ሴፍ የእያንዳንዱን ቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በ4 ሜጋባይት ቁራጮች ከፋፍሎ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይበትነዋል፤ ስለዚህ የታገደው ሩብ የአንዳንድ ማሽኖች ዲስክ ሳይሆን የእያንዳንዱ ማሽን ዲስክ ሩብ ነው። ከሒሳቡ ሥርዓት እስከ ደመወዙ ድረስ ሁሉም ባሉበት ይደርቁ ነበር ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ከቀሩት ዲስኮች አንዱ ቢሞት ደግሞ መቆም ብቻ ሳይሆን መጥፋትም ነበር።

ታዲያ ምልክቱን አንሥቶ ሴፍ ራሱን እንዲፈውስ መተው የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር፤ እሱም ብቻውን አያዋጣም። ዲስኮቹ በአማካይ 66 በመቶ ሞልተዋል። በሁለተኛው ሰርቨር የአራቱ ጭነት ለሦስቱ ሲከፋፈል 66 በአራት ተባዝቶ ለሦስት ሲካፈል 88 በመቶ ይሆናል። ሴፍ በ85 በመቶ ያስጠነቅቃል፣ በ90 በመቶ ወደ ዲስኩ ቅጂ ማምጣትን ያቆማል፣ በ95 በመቶ ደግሞ ጽሕፈትን ፈጽሞ ይከለክላል። ክፍፍሉ ፍጹም እኩል ስለማይሆን አማካዩ 88 ሲሆን አንዱ ዲስክ ከ90 ማለፉ አይቀርም፤ ፈውሱም በመሐል ይቆማል። ስለዚህ ቦታ ማስለቀቅ ቀደመ።

ቦታ የለቀቁት ነገሮች ምን እንደነበሩ መናገሩ ለሌላውም ይጠቅማል። ከዓመታት በፊት ለሙከራ ተነሥተው የተረሱ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ «ለማንኛውም» ተብለው የተወሰዱ አሮጌ ስናፕሾቶች (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ የሚይዙ ቅጂዎች) እና የተደራረቡ የመጫኛ ፋይሎች ነበሩ። ትልቁ ድርሻ ግን የማይታየው ነው፦ በማሽኖቹ ውስጥ ፋይል ሲሰረዝ ማሽኑ ቦታው ነጻ እንደሆነ ያውቃል፣ ሴፍ ግን ካልተነገረው አያውቅም። የማሽኖቹ ዲስክ ይህን ለሴፍ የሚያሳውቀው «ዲስካርድ» የተባለው አማራጭ ሳይበራላቸው ስለተፈጠሩ ለዓመታት የተሰረዘው ሁሉ በሴፍ ላይ ቦታ እንደያዘ ነበር። አማራጩ በርቶ፣ ማሽኖቹ ጠፍተው ከተነሡ በኋላ በየውስጣቸው የማጽጃው ትእዛዝ ሲሰጥ አጠቃላይ ሙሌቱ ወደ 57 በመቶ ወረደ። በዚህ ቁጥር ስሌቱ 76 በመቶ ይሰጣል። ኖአውት የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሴፍም ሦስተኛውን ቅጂ በቀሩት ሦስት ዲስኮች ላይ መልሶ ሠራ።

አዲሱን ዲስክ ጠብቆ በቀጥታ መተካት አይሻልም ወይ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዲስኩ ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀን ላይ ደርሶ ነው የሚመጣው፤ መንገድ በተቋረጠ ጊዜ መቼ እንደሚደርስ የሚያረጋግጥ የለም። ሩብ የሚሆነው መረጃ በሁለት ቅጂ ተንጠልጥሎ ጭነት መኪና መጠበቅ ለእኔ ትክክል አልመሰለኝም። ዲስኩ ሲደርስ ተጨመረ፣ ጭነቱም ተመልሶ ተከፋፈለ። አብሮት አንድ ትርፍ ዲስክ ታዝዞ በቁምሳጥን ተቆለፈበት።

ወደ ኋላ መመለስ ስለሌለ

ከሥራ አመራሩ ስብሰባ ላይ የተነሣው ተገቢ ጥያቄ «ካልሆነ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ ወይ?» የሚል ነበር። መልሱ «አንመልሰውም» ነው። የሴፍ ሞኒተሮች፣ ማለትም የክላስተሩን ካርታ የሚይዙትና በምልዓተ ጉባኤ የሚወስኑት አገልግሎቶች፣ ወደ አዲሱ እትም ከተሸጋገሩ ወደ ቀድሞው መውረድ የሚደገፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ መመለሻው ምትኬ ብቻ ነው፤ ምትኬ ሲባልም ተመልሶ ሲሠራ የታየ ምትኬ ማለት ነው።

በሌላ ሕንፃ የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የሚያስኬድ ራሱን የቻለ ማሽን ነበር፤ በየሌሊቱ ምትኬ ይወስዳል፣ አረንጓዴ ምልክትም ያሳያል። እኛ ያደረግነው የሒሳቡን ማሽን ከምትኬው ላይ ከውጭ ኔትወርክ በተነጠለ ቦታ ማስነሣት ነው። ከዚያ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋን ጠራናቸው። ቁጥር በእኛ ዓይን ቁጥር ነው፤ ትክክል መሆኑን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ከእጃቸው የያዙትን የደረሰኝ ጥራዝ ገልጠው የመጨረሻውን የማዳበሪያ ደረሰኝ ቁጥር ከስክሪኑ ጋር አመሳከሩ፣ የሒሳብ ሚዛኑን አወጡ፣ ሁለት የመጋዘን ቀሪዎችን መረጡና አስተያዩ።

«ይህ የትናንት ማታው ነው። የዛሬ ጠዋቱ የለበትም» አሉ።

«አዎ እትዬ፤ ምትኬው የተወሰደው ሌሊት ነው» አልናቸው።

«እንግዲያው በዕለቱ ከመጀመራችሁ በፊት ሥራ ዘግተን ሌላ ትወስዱልኛላችሁ። የአንድ ቀን ደረሰኝ እንደገና አላስገባም።»

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በዕቅዱ ላይ አንድ ደረጃ ጨመረ፦ በማሻሻያው ዕለት ቢሮው ከተዘጋ በኋላ የመጨረሻ ምትኬ ተወስዶ ሳይረጋገጥ ማንም አንዲት ትእዛዝ እንዳያስገባ። ከኮምፒውተር ሰው ይልቅ የሒሳብ ሰው የተሻለ የምትኬ ፖሊሲ ያወጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሰዓት፣ ጥቅልና መብራት

ሦስቱ ሞኒተሮች እርስ በርሳቸው የሚተማመኑት ሰዓታቸው ሲገጥም ነው። ልዩነቱ ከ0.05 ሰከንድ ካለፈ ሴፍ ያስጠነቅቃል፤ ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ የሞኒተሮቹ ስምምነት ይናጋል። ከሰርቨሮቹ አንዱ የእናት ቦርድ ባትሪው ስላለቀ ተጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይነሣል፣ ከዚያም ከኢንተርኔት ያስተካክላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ከተነሣ ግን ማን ያስተካክለዋል? ባትሪው ተለወጠ፤ ሦስቱም ሰርቨሮች ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ በመካከላቸው ሰዓት እንዲለዋወጡ ተደረገ። ሌላም ነገር ነበር፦ ሁለቱ ሰርቨሮች በአዲስ አበባ ሰዓት ሲመዘግቡ አንዱ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ላይ ቀርቷል። የሥራ ዕቅዳችን የተጻፈው ሁላችንም በምንናገርበት አቆጣጠር ስለሆነ የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በሁለቱ ሎግ (የክንውን መዝገብ) 00:00፣ በሦስተኛው ደግሞ ባለፈው ቀን 21:00 ተብሎ ይወጣል። በጨለማ፣ በድካም፣ ሎግ እያነበቡ ይህን በአእምሮ ማስላት የስሕተት ምንጭ ነው። ሦስቱም ወደ አንድ ተስተካከሉ፤ በዕቅዱ ወረቀት ላይም ከእኛ ሰዓት ጎን የሎጉ ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ ተጨመረ።

የማሻሻያውን የሶፍትዌር ጥቅሎች በዕለቱ ከኢንተርኔት ለማውረድ አልሞከርንም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱን የማያስታውስ የለም፤ የቢሮ መስመርም ቢሆን ማሻሻያው ግማሽ ላይ ሲደርስ አይቋረጥም ብሎ መወራረድ ሞኝነት ነው። ፕሮክስሞክስ ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ያዘጋጀው የኦፍላይን ግልባጭ መሣሪያ አለ። የሚያስፈልገው ጥቅል ሁሉ አስቀድሞ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ተወስዶ በከተማው ውስጥ በአንድ ማሽን ላይ ተቀመጠ። ከመቆራረጥ መዳኑ አንድ ጥቅም ነው፤ ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያነሣው ጥቅም ግን ሦስቱ ሰርቨሮች በተለያየ ሌሊት ቢሻሻሉም ቃል በቃል አንድ ዓይነት እትም ማግኘታቸው ነው።

መብራትን በተመለከተ ባለው ዩፒኤስ ስክሪን ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አላመንንም። በእሑድ ቀን ዋናውን መስመር ዘግተን በእውነተኛ ጭነት ሞከርነው፤ ከተጻፈው በብዙ ያነሰ ቆየ። ባትሪዎቹ ተለወጡ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጀነሬተሩም በወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ኃይል ሙሉ በሙሉ አይሰጥም፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል። በዚያ ሌሊት ከሰርቨር ክፍሉና ከማቀዝቀዣው በቀር ሌላ ነገር እንዳይሰካበት ተወሰነ። ጀነሬተሩን የሚጠብቁት ሰው ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ ናፍጣው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ስንጠይቃቸው «እስኪነጋ ያደርሳችኋል፣ ግን ጀሪካኑን ከአጠገቤ አድርጉልኝ፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ፍለጋ በሌሊት አልዞርም» አሉ። ጀሪካኑ ከአጠገባቸው ተደረገ።

ማሻሻያው

የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም ከፓሲፊክ ወደ ክዊንሲ የተደረገው ሽግግር፣ ያለ ችግር አለፈ። አዲሱ ጥቅል በሦስቱም ላይ ቢጫንም የሚሠራው አገልግሎት ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ የድሮው ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው ፍጥነቱን በራሱ እጅ ይይዛል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ሞኒተሮች አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ማኔጀሮች (የክላስተሩን አሠራር የሚከታተሉት አገልግሎቶች)፣ ከዚያ ዲስኮቹን የሚያስኬዱት ኦኤስዲዎች በየሰርቨሩ ነው። ከመጀመራችን በፊት የሞኒተሮቹ መረጃ በሮክስዲቢ፣ ዲስኮቹም በብሉስቶር ዓይነት የተዘጋጁ መሆናቸውን አረጋግጠን ነበር፤ የድሮው የሌቭልዲቢ ሞኒተር በክዊንሲ፣ የድሮው ፋይልስቶርም በሪፍ ቦታ የላቸውምና። አንዱ ሰርቨር ካለቀ በኋላ ሁሉም የመረጃ ክፍልፋዮች «አክቲቭ እና ክሊን» (ሥራ ላይ ነን፣ ቅጂያችንም ሙሉ ነው) እስኪሉ ድረስ ወደ ቀጣዩ አልተሄደም። ሁሉም ሲያልቅ ክላስተሩ ከክዊንሲ በታች የሆነ ኦኤስዲ እንዳይቀበል የሚያደርገው ትእዛዝ ተሰጠና ኖአውት ተነሣ። ለዚህ ምልክት በዕቅዱ ወረቀት ላይ የተከለው ሰው፣ ያነሣው ሰውና የተነሣበት ሰዓት የሚጻፍበት መስመር ነበረው።

ወደ ፕሮክስሞክስ 8 መሻገሩ በሌላ ሌሊት ነበር። ከአሮጌው ወደ አዲሱ እትም የሚሠራን ቨርቹዋል ማሽን ሳያጠፉ ማዛወር ይቻላል፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው መመለስ ግን ዋስትና የለውም። በመሆኑም ማሽኖቹ የሚሄዱበት አቅጣጫ አስቀድሞ ተሠራ። እያንዳንዱ ሰርቨር 128 ጊጋባይት ራም አለው፤ አራቱ ኦኤስዲዎች በየ4 ጊጋባይት ሒሳብ 16 ይወስዳሉ፣ ለሥርዓቱ ጥቂት ይቀራል፣ የማሽኖቹ ድምርም በሁለት ሰርቨር ላይ ይበቃል። አንድ የሒሳብ ማሽን ብቻ የሲፒዩ ዓይነቱ «ሆስት» ተብሎ ስለተሞላ፣ ማለትም ያለበትን ሰርቨር ሲፒዩ እንዳለ እንዲጠቀም ስለተደረገ፣ ሰርቨሮቹም የአንድ ዘመን ስላልሆኑ፣ ሳይጠፋ መዛወር አልቻለም፤ በሌሊት ጠፍቶ ተነሣ።

የመፈተሻው ፕሮግራም በሦስቱም ላይ ንጹሕ ውጤት ሰጠ፤ አንደኛው ሰርቨርም ያለ ችግር ተሻሽሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ሪስታርት ሆኖ ሲነሣ ግን በፕሮክስሞክስ ገጽ ላይ አረንጓዴ እያሳየ የሴፍ ገጹ አራቱ ኦኤስዲዎቹና ሞኒተሩ እንዳልተነሡ ይናገር ነበር። ሁለት ገጽ ሁለት ነገር ሲናገር ለጥቂት ጊዜ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ክላስተሩ በሁለት ኔትወርክ መሠራቱ ነው፦ ሰርቨሮቹ «አለህ ወይ?» የሚባባሉት በ1 ጊጋቢት ካርድ፣ ሴፍ መረጃ የሚያመላልሰው ደግሞ በ10 ጊጋቢት ካርድ ነው። የመጀመሪያው ይሠራል፣ ሁለተኛው አልተነሣም። በሰርቨሩ ኮንሶል (ያለ ኔትወርኩ ሰርቨሩን በቀጥታ ማዘዣ) ላይ ሲታይ አዲሱ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ የ10 ጊጋቢቱን ካርድ ስም ለውጦታል፤ በድሮው ስም መጨረሻ ላይ «ኤንፒ0» የሚል ቅጥያ ጨምሮበታል። የኔትወርክ ማዋቀሪያው ፋይል የሚፈልገው የድሮውን ስም ስለሆነ ካርዱ አድራሻ ሳይሰጠው ቀረ። በአንደኛው ሰርቨር ያልታየው ካርዱ የሌላ አምራች ስለሆነ ነው።

ልክ በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ያዘ፤ ጋሼም ጀነሬተሩን አስነሡ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የክላስተሩ ሁኔታ ምን እንደነበር ልብ ይሏል፦ መረጃው ሁሉ በሁለት ቅጂ፣ ከሦስቱ ሞኒተሮችም ሁለቱ ብቻ። አንድ ተጨማሪ ሰርቨር ቢወድቅ ምልዓተ ጉባኤውም ይፈርሳል፣ ማከማቻውም ይቆማል።

ከቡድኑ አንዱ ባለሙያ ያቀረበው ሐሳብ በብዙ ቦታ የሚሰማ ስለሆነ እዚህ ላይ ማቆየት ይገባዋል። «ለጊዜው ዝቅተኛውን የቅጂ ቁጥር ከሁለት ወደ አንድ እናውርደው፤ ሌላ ሰርቨር ቢወድቅ እንኳ ማሽኖቹ አይቆሙም» አለ። ላይ ላዩን ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። ሥራው ግን ተቃራኒ ነው፦ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሴፍ በአንድ ቅጂ ላይ ብቻ አዲስ መረጃ መጻፍ ይፈቅዳል፤ ያቺን ቅጂ የያዘው ዲስክ በዚያው ሰዓት ቢሞት ወይም ሰርቨሩ በመብራት ቢጠፋ የተጻፈው የትም የለም፣ ሌሎቹ ቅጂዎች ሲመለሱም ያረጀ መረጃ ይዘው ይመለሳሉ። የሁለት ሰዓት መቆም ደረሰኝ ያዘገያል እንጂ አያጠፋም። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም፤ ያቀረበውም ባለሙያ ምክንያቱ ሲነገረው አልተከራከረም።

የተወሰደው እርምጃ አጭር ነው። ሦስተኛውን ሰርቨር ማንም እንዳይነካ፣ ምንም ማሽን እንዳይዛወር ተባለ። አንድ ሰው በሁለተኛው ሰርቨር ኮንሶል ላይ የካርዶቹን የማክ አድራሻ (የእያንዳንዱን ካርድ የራሱ መለያ ቁጥር) ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አስተያይቶ ትክክለኛውን ለየ፣ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ስሙን አረመ፣ ኔትወርኩን እንደገና አስነሣ። ሞኒተሩ ወዲያው ተቀላቀለ፤ ኦኤስዲዎቹ ተከታትለው ተነሡ። ኖአውት ተተክሎ ስለነበር ሴፍ ያመሳሰለው ሰርቨሩ በሌለበት ጊዜ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ክፍልፋዮቹ ወደ ንጹሕ ሁኔታ የተመለሱትም ቡና ሳይፈላ ነው። በኮንሶል መግባት ባይቻል ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር፤ ማሻሻያን በድረ ገጹ ተርሚናል በኩል የሚያካሂድ ሰው ገጹ ራሱ በመሐል ሪስታርት እንደሚደረግ አይርሳ።

በዚያ ሌሊት ሦስተኛውን አልነካነውም። ጊዜ ነበረን፣ ድፍረትም አልጠፋም፤ ግን መብራቱ ገና በጀነሬተር ላይ ነበር፣ ሰዎቹም ደክመዋል፣ ሁለት የተሻሻለና አንድ ያልተሻሻለ ሰርቨር ለአንድ ቀን አብረው መሥራታቸውም ጉዳት የለውም። በማግስቱ ለሦስተኛው ሰርቨር የካርዱን ስም በማክ አድራሻው የሚያጸና ፋይል አስቀድሞ ተጻፈለት፤ ከርነሉ ምንም ይበል ስሙ እንዳይለወጥ ማለት ነው። ሁለተኛውም በኋላ በዚሁ መልክ ተስተካከለ። ሦስተኛው ሲሻሻል ይህ ጉዳይ አልተነሣም።

ከክዊንሲ ወደ ሪፍ የተደረገው የመጨረሻ ሽግግር የመጀመሪያውን ደረጃ ስለሚደግም የሚጨመርበት የለም።

ከማሻሻያው በኋላ

ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው የአይሲቲ ክፍሉ በየጠዋቱ የክላስተሩን ሁኔታ በመዝገብ ላይ የሚያሰፍርበት ሥርዓት ነው፤ ብጫ ሲታይ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ብጫ ሳይፈታ ከሁለት ቀን በላይ አይታለፍም። ሁለተኛው ሥራ አመራሩ የአራተኛ ሰርቨር ግዢ ጥያቄን መቀበሉ ነው። አራተኛው ሲገባ አንዱ ቢወጣ እንኳ ሦስተኛው ቅጂ የሚሠራበት ቦታ ይኖራል፤ የሙሌቱ ስሌት ግን ያኔም መሠራት አለበት፣ የአራት ሰርቨር ጭነት በሦስት ላይ የሚያርፈው በዚያው ቀመር ነውና። ሞኒተሮቹ ሦስት ሆነው ይቆያሉ፤ አራት ቢሆኑ ለምልዓተ ጉባኤ ሦስት ስለሚያስፈልግ ከአንድ በላይ መውደቅን አይችሉም።

ፕሮክስሞክስ 9 በ2017 ዓ.ም. ክረምት የወጣ ሲሆን ከ8 ወደ እሱ ለመሻገር ሴፍ አስቀድሞ ስኩዊድ የተባለው ከሪፍ ቀጥሎ ያለ እትም ላይ መድረስ ይኖርበታል። የ8 ድጋፍ እስከ 2018 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ነው። ቀጣዩ ሽግግር ማዳበሪያው ተከፋፍሎ መጋዘኑ ከተዘጋ በኋላ እንዲሆን ታስቧል፤ በዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ የተጻፈው የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ የጠየቁት የዕለቱ ምትኬ ነው።